ቱሉ ዲምቱ ያለችው ፎቶ ኮፒ ቤትና የእኔ ሲቪ

ይህን የምጽፈው ስለ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ፣ በፀጉር ቤትና በአትክልት መሸጫ መካከል የተሸጎጠች፣ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው በረንዳ ላይ የሚጠብቅባት ጠባብ ክፍል ናት። በሯ ላይ «ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔሽን፣ ሲቪ እንጽፋለን» ይላል። ስሟን አልጠቅስም፤ ከታች ቅሬታም ስላለኝ የልጅቷን እንጀራ መንካት አልፈልግም። ሰፈሩን የሚያውቅ አያጣትም።

መጀመሪያ ከየት እንደመጣሁ ልናገር፤ አለበለዚያ ምኑን እንደማመሰግን አይገባችሁም። አየር ኃይል የገባሁት በ1991 ዓ.ም.፣ ሱኮይ 27 የሚባለው ተዋጊ ጄት ወደ አገራችን በመጣበት ዓመት ነው። ቢሾፍቱ ሃያ ሦስት ዓመት በአርማመንት ክፍል ሠራሁ። አውሮፕላኑ የሚታጠቀውን መድፍ፣ ሮኬት፣ ሚሳኤልና ቦምብ የምንጭነው፣ የምናወርደው፣ የምንፈትሸውና የምንጠግነው እኛ ነን። በክብር ተሰናብቼ ባለቤቴ በዕጣ ወደደረሳት ባለ አንድ መኝታ ቤት ገባሁ፤ ዕድሜዬ አርባ አራት፣ ልጆቼ ሁለት። በሳምንቱ ሥራ ፍለጋ ወጣሁ።

አንዱ ሥራና ሠራተኛ አገናኝ የምስክር ወረቀቶቼን ገለጥ ገለጥ አድርጎ «የጦር መሣሪያ» የሚለው ላይ ሲደርስ ፊቱ በራ። «በቃ፣ ጥበቃ ነዎት! ነገ የሚገቡበት አለኝ» አለኝ። ሁለተኛው ጋ ሄድኩ፣ እሱም ጥበቃ። ሦስተኛው ትንሽ ከፍ አድርጎኝ የጥበቃ ሽፍት ኃላፊ አለኝ። ጥበቃ የተከበረ ሥራ ነው፤ የፎቅ ጎረቤቴ ሁለት ልጆች ዩኒቨርሲቲ ያስገባው በዚያ ነው። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ዓመት ጠመንጃ ይዤ የቆምኩት ተራ ሲደርሰኝ ብቻ ነበር። በቀረው ጊዜ እጄ ላይ የነበረው የኤሌክትሪክ መለኪያው መልቲሜትር ነው።

«ለምን ቦሌ አትሄድም፣ አውሮፕላን አውሮፕላን ነው» የሚሉኝም ነበሩ። አይደለም። የሲቪል አውሮፕላን ጥገና ፈቃድ በአየር ፍሬም፣ በሞተርና በአቪዮኒክስ የተከፋፈለ ነው። መንገደኛ የሚያጓጉዝ አውሮፕላን መድፍ ስለሌለው አርማመንት የሚባል ክፍል የለውም። አብረውኝ ከነበሩት መካከል የሞተሩ ሰው ወጥቶ ሞተር ያገኛል፣ የሬዲዮውም ሰው ሬዲዮ ያገኛል፤ እኛ ነን መሀል ሜዳ ላይ የምንቀር። የሚገርመው፣ የመንገደኛ አውሮፕላን ሞተር እሳት ሲነሳበት የማጥፊያው ጠርሙስ የሚከፈተው በኤሌክትሪክ በሚተኮስ ትንሽ ካርትሪጅ ነው። እኛ ቦምብ ከክንፍ ሥር ካለው ማንጠልጠያ ለማስለቀቅ ከምንገጥመው ጋር የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው። ምን ያደርጋል፣ ዝምድና ፈቃድ አይሆንም።

እንግዲህ ፎቶ ኮፒ ቤቷ የገባሁት መታወቂያዬንና እነዚያን ወረቀቶች ለአራተኛው አገናኝ ኮፒ ላስደርግ ነበር። ልጅቷ ሃያ ስድስት ሃያ ሰባት ቢሆናት ነው። ወረቀቱን እያገላበጠች «ጋሼ፣ ሥራ እየፈለጉ ነው?» አለችኝ። የገጠመኝን ነገርኳት፤ ሳቀች። ከዚያ ማሽኑን አቁማ፣ «ማዕረጉንና ወረቀቱን ለጊዜው ይተዉትና፣ ጠዋት ሥራ ሲገቡ እጅዎ ምን ነበር የሚነካው?» አለችኝ።

«እሱማ ምስጢር ነው» አልኳት።

«ምስጢሩ ይቅርብኝ፣ ብሎኑን ይንገሩኝ።»

ስለ መድፉ ጀመርኩላት፤ እሱ ማንም መጽሐፍ ላይ ያለ ነገር ነው። ሚግ የሚባለው ጄት መድፍ 23 ሚሊ ሜትር፣ ባለ ሁለት አፈሙዝ ነው፤ የሱኮይ 27 ደግሞ 30 ሚሊ ሜትር ሆኖ 150 ጥይት ይይዛል፣ ሳይቋረጥ ቢተኮስ በስድስት ሰከንድ ገደማ ያልቃል። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። «በስድስት ሰከንድ ለሚያልቅ ነገር ሃያ ሦስት ዓመት ምን ሲሠሩ ኖሩ?»

እንዲህ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም። ዘረገፍኩላት። አውሮፕላኑን በሽቦ ከመሬት ጋር ማገናኘት፤ ከመጫን በፊት የማስለቀቂያው መስመር ላይ መምጣት የሌለበት ኤሌክትሪክ አለመኖሩን መለካት፤ ካርትሪጁ የሚተኮሰው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ሽቦው ላይ የተረፈ ነገር ካለ ዕቃው የሚለቀቀው ሰማይ ላይ ሳይሆን እኛ እግር ላይ ነው። ቀይ ጨርቅ የተንጠለጠለባቸውን ሴፍቲ ፒኖች ስንት ገቡ፣ ስንት ወጡ ብሎ መቁጠር። ብሎኑን በግምት ሳይሆን በቶርክ ሬንች ማጥበቅ። ሲያልቅ የመፍቻ ሳጥኑን መቁጠር፤ አንዲት መፍቻ ከጎደለች እሷ እስክትገኝ አውሮፕላኑ አይነሳም። አንዱ ሠርቶ ሌላው አይቶ፣ መዝገቡ ላይ ሁለት ፊርማ።

እኔ ሳወራ እሷ ትጽፋለች። በረንዳው ላይ ተማሪዎች ተሰልፈው «እህት፣ አሳይመንታችን!» ይላሉ፤ «ቆዩ፣ ቦምብ እያወረድን ነው» አለቻቸው።

አንድ ገጽ ተኩል ወጣ። አናቱ ላይ «የኤሌክትሮ ሜካኒካል ጥገና ቴክኒሻን» ይላል። ከሥሩ የመቆጣጠሪያ መስመር ፍተሻና ብልሽት ፍለጋ፣ የአደገኛ ዕቃ አያያዝ፣ የመፍቻ ቁጥጥር፣ የጥገና መዝገብ አያያዝ፣ ሦስት ሰው ያለበት ቡድን መምራት። ደጋግሜ አነበብኩት፤ አንድም ውሸት የለበትም። «ጦር መሣሪያ የሚለው የታለ?» አልኳት። «የት እንደሠሩ በሚለው ላይ አለ፣ ጋሼ፤ አልደበቅነውም። ከላይ ካደረግነው ግን ከሱ በታች ያለውን አያነቡትም።»

ሌላም ነገር ነገረችኝ፤ ይሄ ሲቪ ከመጻፍ ሥራዋ ውጪ ነው። ፋብሪካዎቹ የወታደር ቤት ምስክር ወረቀት ለመመዘን ስለሚቸገሩ መጀመሪያ ሲኦሲ፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ይፈተኑ አለችኝ። በኢንዱስትሪ ኤሌክትሪክ ተመዘገብኩ። የጽሑፉ ፈተና ላብ በላብ አደረገኝ፤ ነገሩን አውቀዋለሁ፣ የሚጠራበትን ስም አላውቀውም። ተግባሩ ላይ ሞተር ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያዞር መቆጣጠሪያ በኮንታክተር፣ በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ግጠም ተባልኩ። የዚያ ፈተና ሁለመናው ሁለቱ ኮንታክተሮች አንድ ላይ እንዳይገቡ አንዱ ሌላውን እንዲቆልፈው ማድረግ ነው። አንዱ ሳይፈቅድ ሌላው እንዳይለቅ ማድረግ? ልጄን «ዳቦ ግዛ» ብዬ የመላክ ያህል ቀለለኝ።

ከሲኦሲው በኋላ ሲቪው ላይ አንድ መስመር አስጨምሬ ገላን አካባቢ ለሚገኙ ስድስት ፋብሪካዎች አስገባሁ። ሁለቱ ጠሩኝ። አንደኛው ጋ ለዕድሜዬ ታናሽ ወንድሜ የሚሆን ኢንጂነር የቆመ ማሽን አሳየኝና «እስኪ ይዩት» አለኝ። መጀመሪያ ብሬከሩን አጠፋሁ። የምቆልፍበት ስላልነበረኝ መሬት ላይ ያገኘሁትን ቀይ ፌስታል ቀድጄ፣ ማንም መልሶ እንዳያበራው እጀታው ላይ አሰርኩበት። ኢንጂነሩ ፌስታሉን እያየ ዝም አለ፤ ብልሽቱን ሳላገኝ በፊት «መቼ መጀመር ይችላሉ?» አለኝ። (ብልሽቱ የተበጠሰ የሊሚት ስዊች ሽቦ ነበር፤ አይጥ ይመስለኛል።) የ60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜዬን ጨርሻለሁ። ፒኤልሲ የሚባለውን፣ ማሽኑን በፕሮግራም የሚያዘውን ኮምፒውተር፣ አሁን በማታ እየተማርኩ ነው፤ ከአርማመንት የማይወረስ ነገር ቢኖር እሱ ነው።

ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። አንደኛ፣ ቤቷ ጄኔሬተር የላትም። ቱሉ ዲምቱ መብራት ሲሄድ ደግሞ እንደ እንግዳ ቶሎ አይመለስም፤ ሁለት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ሁለተኛ፣ የእንግሊዝኛ ፊደል ትገድፋለች። ሦስት ስህተት ያገኘችልኝ አሥረኛ ክፍል ያለችው ልጄ ናት። ሦስተኛ፣ ፎቶዬን ወደ ጎን ስለሳበችው የሁለት ሰው ፊት መስያለሁ። አራተኛው ግን ሥራ ሊያሳጣኝ ነበር። ሲቪዬን ከእኔ በፊት በነበረ ደንበኛ ፋይል ላይ ጽፋው ኖሮ፣ በኢሜይል ስትልክልኝ የፋይሉን ስም አልቀየረችውም። ከስድስቱ ፋብሪካዎች ለአራቱ የደረሳቸው ፋይል ስሙ «ጥበቃ 3» ይላል። ከአንደኛው ተደውሎልኝ «የሌሊት ሽፍት ይችላሉ?» ሲሉኝ ነው የነቃሁት። ሄጄ ስነግራት አፏን በሁለት እጇ ያዘች፤ ይቅርታ ጠይቃ በነጻ አስተካከለችው።

እኔ ስሄድ ሲቪው 250 ብር ነበር፤ በኋላ መስመር ማስጨመር ሃምሳ። አገናኙ የመጀመሪያ ወር ደመወዜን ግማሽ ነበር የጠየቀኝ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ትከፍታለች፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቤቱን ተማሪ ስለሚሞላው አትሂዱ፤ የአርማመንት ልጆች በተለይ፣ ወሬያችሁ ረጅም ነው። የምስክር ወረቀታችሁን ኦሪጅናል ያዙ። ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ እሷ ከወር በላይ አታስቀምጥም። ከመላካችሁ በፊት ደግሞ የፋይሉን ስም አንብቡ።