የራስበሪ ፓይ 4 ፒኦኢ ፕላስ ቦርድ፦ ለጣና ዳር ያዋጣል?

ጣና ዳር ባለ ሎጅ ወይም ሆቴል ግቢ ጥግ ካሜራ ወይም የውኃ ከፍታ መለኪያ ልትከል ያለ ሰው መጀመሪያ የሚቸገረው በሶኬት ነው። ሐይቁ አፋፍ ላይ ሶኬት የለም፤ 220 ቮልት በእርጥብ ሣር ላይ መጎተት ደግሞ አደጋ ነው። ፒኦኢ ፕላስ ሃት፣ ማለትም ራስበሪ ፓይ በሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ የሚደረብ ቦርድ፣ ፓይውን ዳታ በሚያልፍበት በዚያው በኔትወርክ ኬብል ኤሌክትሪክ ያበላዋል። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን ለፓይ 4 እና ለ3ቢ ፕላስ ይሆናል። ፓይ 5 ያላችሁ እንዳትገዙት፤ እዚያ ላይ የፒኦኢ ፒኖቹ ቦታ ተቀይሯል።

ባሕር ዳር ላይ ዋጋውን የሚያስረሳው መብራት ሲጠፋ ነው። ለኬብሎቹ ኔትወርክና ኃይል የሚያከፋፍለውን ስዊች ቢሮ ውስጥ በአንድ ዩፒኤስ (የባትሪ መጠባበቂያ) ላይ ካደረጋችሁት በግቢው የተበተነው ፓይ ሁሉ ሳይጠፋ ይቆያል፤ ሜሞሪ ካርድም በየጊዜው አይበላሽም።

አገጣጠሙ ቀላል ነው። ስፔሰሮቹን (በሁለቱ ቦርዶች መካከል የሚቆሙትን አጫጭር ምሰሶዎች) በ2.5 ሚሊ ሜትር ብሎን አስራችሁ፣ 40ዎቹን ፒኖችና ኔትወርክ መሰኪያው አጠገብ ያሉትን 4 ፒኖች በዓይን አስተካክላችሁ እኩል ትጫኑታላችሁ። ከአራቱ አንዱ ከታጠፈ ኃይል ላይመጣ ይችላል። ፕሮሰሰሩ ላይ ረጅም ሂትሲንክ (ሙቀት አውጪ ብረት) ከተለጠፈ ከቦርዱ ሆድ ጋር ስለሚጋጭ ይነሳ። የሃቱን ፋን የሚያዘው የፓይው ሲስተም ስለሆነ አሮጌ ሶፍትዌር ይዞ መጀመር አይበጅም። ድምፁ? መኝታ ክፍል ውስጥ ያስመርራል፤ ሐይቅ ዳር ማንም አይሰማውም።

ቅሬታችን ሌላ ቦርድ መደረብ ሲያስፈልግ ነው። ፓይ አናሎግ መግቢያ (ከፍ ዝቅ የሚል ቮልት የሚያነብ) ስለሌለው ለውኃ ከፍታ ሴንሰር እንደ ኤዲኤስ1115 ያለ ቮልቱን ወደ ቁጥር የሚለውጥ መቀየሪያ ግድ ነው። ሴንሰሩ ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፕ የሚያወጣ ከሆነ በ150 ኦም ሬዚስተር ማሳለፍ ከ0.6 እስከ 3 ቮልት ይሰጣል፤ በ3.3 ቮልት ለሚሠራ መቀየሪያ ልክ ነው። ብዙዎች የሚለምዱት 250 ኦም ግን 5 ቮልት ስለሚደርስ መቀየሪያውን ሊያቃጥል ይችላል። ይህን ከሃቱ በላይ ለመደረብ ረጅም እግር ያለው ባለ 40 ፒን ማያያዣ፣ ለአራቱም የራሳቸው ማራዘሚያ ያስፈልጋል፤ ከላይ የተደረበው ደግሞ የፋኑን አየር ያፍናል። 27 እና 28 ቁጥር ፒኖች ለቦርድ መታወቂያ የተያዙ ስለሆኑ አትንኳቸው። ባለ 4 ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ቦርድም ሁሉም ሲበራ 0.3 አምፕ ገደማ ሃቱ ከሚሰጠው ከዚያው 5 ቮልት ይስባል።

ስለዚህ ቦርድ ለሚደርብ ሰው ምርጫችን ሃቱ ሳይሆን ስፕሊተር ነው፦ ኃይሉን ከዳታው ለይቶ በዩኤስቢ ሲ የሚያወጣ ትንሽ ሣጥን። ፒኖቹ ሁሉ ነጻ ይሆናሉ። ጊጋቢትና 5 ቮልት 3 አምፕ የሚል ጽሑፍ ሳታዩ ግን አትክፈሉ። ሃቱንና ስፕሊተሩን ግን በአንድ ፓይ ላይ አብሮ ማገናኘት የለም።

ስዊቹ 802.3ኤቲ (የፒኦኢ ፕላስ ደረጃ) ይሁን፤ ከፖርቱ 30 ዋት ይነሣና 100 ሜትር ላይ 25.5 ይደርሳል። ጠቅላላ ዋቱንም ጠይቁ፤ ባለ 8 ፖርት ሆኖ በድምሩ 60 ዋት ከሆነ ሙሉ ኃይል የሚያገኙት ሁለት ፖርቶች ብቻ ናቸው። ከአሮጌ ዋየርለስ አንቴና የተረፈውን ባለ 24 ቮልት አዳፕተር መሰካት የተለመደ ስሕተት ነው። ሃቱ ከ37 ቮልት በታች አይነሣም፤ ሰውየው ግን ቦርዱ ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል።

ኬብሉን ስትገዙ ጫፉን በምላጭ ፋቁት። ውስጡ ነጭ ከሆነ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው፤ ለቢሮ ኢንተርኔት ይበቃ ይሆናል፣ ለ80 ሜትር ኃይል ግን አይሆንም። ይሞቃል፣ ቮልቱ ይወርዳል፣ ፓይውም ካሜራው ሥራ ሲጀምር ራሱን ያጠፋል።

ክረምት ሳይገባ ደግሞ በኬብሉ በሁለቱም ጫፍ የፒኦኢ ሰርጅ (ድንገተኛ የቮልት ጭማሪ) መከላከያ ከደህና ኧርዝ ጋር ይግባ፤ የጣና ነጎድጓድ በቅርብ ባይወድቅም በረጅም ኬብል ላይ የሚያነሣው ቮልት ስዊቹን ይዞ ይሄዳል። ኬብሉ ወደ ሣጥኑ ከታች ይግባ፣ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዞሮ ውኃውን ያንጠባጥብ። እርጥበት የገባበት መሰኪያ በ48 ቮልት ሥር ቶሎ አረንጓዴ ዝገት ይይዛል፤ አንዴ ከያዘ በጨርቅ መጥረግ አያድነውም፣ ጫፉን ቆርጦ አዲስ መሰኪያ መምታት ነው።