የላኮታ ሴቶች የክብር ቀሚስ በሙዚየም፦ ከመስታወቱ ጀርባ ምኑን እንይ?

ከቤተሰብ ወደ ሙዚየም ከሚገቡ የላኮታ (የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝብ) ሥራዎች ሁሉ ደረቱ በዶቃ የተሸፈነውን የቆዳ ቀሚስ የሚያህል የለም። ስፌቱ ከመቶ ዓመት በላይ ይቆያል። የሚያበላሸው አያያዙ ነው።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የተለመደው ቀሚስ ሦስት ቆዳ ይፈጃል፤ ሁለቱ ለፊትና ለኋላ፣ ሦስተኛው ታጥፎ ለትከሻና ለደረት። የአጋዘን ወይም የኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዝርያ) ቆዳ በእንስሳ አንጎል ይለፋል፤ ጭስ ከታጠነ ደግሞ ረጥቦ ሲደርቅ ድርቅ ብሎ አይቀርም። ቆዳው በወስፌ እየተበሳ ዶቃው በጅማት ይሰፋል፤ በአንድ ስፌት ሰባት ስምንት ፍሬ ይገባል። ከጎን ብርሃን ሲያርፍበት እያንዳንዱ መስመር መሐሉ ላይ ጉብ ብሎ ይታያል። የጥሩ ባለሙያ ወስፌ ቆዳውን ዘልቆ አይወጣም፤ ስለዚህ ጅማቱ ከውስጥ በኩል አይታይም፣ በገላም ተፈትጎ አይበጠስም።

በውሃ ሰማያዊው መደብ ላይ፣ ደረት መሐል ያለችው የ«U» ፊደል ቅርጽ ኤሊ ናት፤ የሴቶች ጤናና ወሊድ ጠባቂ። መግለጫው «ጌጥ» ብሎ ካለፋት ሙዚየሙ ቤተሰቡን አልጠየቀም ማለት ነው። የሰሪዋ ስም ከጎደለም እንዲሁ።

የኤልክ ጥርስ የተሰፋበት ቀሚስ ካጋጠመ ጥርሶቹን ጠጋ ብሎ ማየት ነው። ለዚህ የሚሆነው ከአንድ ኤልክ ሁለት ብቻ ይገኛል፤ 300 ጥርስ ማለት 150 ኤልክ ነው። ስለዚህ ከአጥንት እየተቀረጸ መሙላቱ የተለመደ ነበር። እውነተኛው ቡናማ ጥላ አለው፣ አንዱም ካንዱ አይመሳሰልም። ከፓስፊክ ዳርቻ በንግድ በመጣ ረጅም ነጭ ዛጎል የሚሸፈነው የሱፍ ቀሚስም ያምራል፤ ጠላቱ ግን ብል ነው።

አያያዝ ላይ ትልቁ ጥፋት በመስቀያ ማንጠልጠል ነው። የዶቃው ክብደት ትከሻውን ይስበዋል፣ ቆዳው ይተረተራል። መቀመጥ ያለበት ተዘርግቶ፣ እጥፋቱ ውስጥ ለስላሳ መደገፊያ ገብቶበት ነው። የነሐስ ዶቃ ቆዳው ውስጥ ካለው ስብ ጋር ሲነካካ አረንጓዴ ሰም የመሰለ ዝገት ያወጣል። እርጥበት ሲበዛ አንዳንዱ የመስታወት ዶቃ «ያለቅሳል»፤ ላዩ ይጣበቃል፣ ቆይቶም ይሰነጠቃል። ቀለም የተነከረ የጃርት እሾህ ካለበት ብርሃኑ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) ባይበልጥ ይመረጣል።

ቤተሰብ ከመስጠቱ በፊት ስምምነቱን ቃል በቃል ያንብብ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ቅርስ የማስመለስ ሕግ የሚያተኩረው በመቃብር ዕቃዎች፣ በቅዱሳት ነገሮችና በጋራ የጎሳ ሀብት ላይ ነው፤ በፈቃድ ተፈርሞ የተሰጠን የቤተሰብ ቀሚስ እንደሚያስመልስ መተማመኛ የለም። ለክብረ በዓል በውሰት መውጣት ካለበት ስምምነቱ ላይ ይጻፍ። ሙዚየሞች ድሮ ለተባይ አርሴኒክ የተባለውን መርዝ ይጠቀሙ ስለነበር፣ ቆይቶ የተመለሰ ልብስ ሳይመረመር አይለበስም፤ ምርመራውን ማን እንደሚከፍልም አብሮ ይስፈር።