የመጓየርስ አልቲሜት ኮምፓውንድ ግምገማ፦ ከክሊሩ ምን ይወስዳል፣ ምንስ ይመልሳል?

መጓየርስ አልቲሜት ኮምፓውንድ በ450 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ የሚሸጥ፣ በእጅም በማሽንም የሚሠራ ፈሳሽ የመኪና ቀለም መፋቂያ ፓስታ ነው። ለቀላል ጭረት፣ ደርቆ ለቀረ የውሃ ነጠብጣብ እና ፀሐይ ላደበዘዘው ቀለም የተዘጋጀ ነው። በዚህ ዘርፍ ካሉት ምርቶች ለጀማሪ እጅ ከሚታመኑት አንዱ መሆኑን ሳናመነታ እንናገራለን። ገዝተው የሚያዝኑበት ሰዎች ግን ጥቂት አይደሉም፤ ያዘኑትም አብዛኞቹ ከጠርሙሱ የማይችለውን ስለጠበቁ ነው።

ኮምፓውንድ ጭረትን አይሞላም። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የመፋቂያ ቅንጣቶች በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ቀለም በስሱ እየላጡ ወደ ጭረቱ ወለል ያወርዱታል። ጭረት ጎልቶ የሚታየን ስለታም ጠርዙ ብርሃን ስለሚበትን ነው፤ ጠርዙ ሲለዝብ ጭረቱም ከዓይን ይጠፋል። ስለዚህ የሥራው ዋጋ የሚከፈለው ከቀለሙ ላይ ነው። ያለው ደግሞ ብዙ አይደለም፦ ላሜራው ላይ ፕራይመር የሚባለው መነሻ ቅብ፣ ከዚያ ቀለሙ፣ ከሁሉም በላይ ክሊር የሚባለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን አለ። የፋብሪካ ክሊር ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ አንድ የሰው ፀጉር እንኳ ወደ 70 ማይክሮን ይጠጋል። ቀለሙን ከፀሐይ የሚከላከለው ይኸው ስስ ሽፋን ስለሆነ ከመጠን በላይ የተላጠ ክሊር ከጊዜ በኋላ ይነጣል፣ ይላጣል። የተላጠውን መልሶ የሚያመጣ ፓስታ የለም፤ መድኃኒቱ እንደገና ማስቀባት ብቻ ነው።

ስለዚህ ክዳኑን ከመክፈት በፊት ጭረቱን መመርመር ያስፈልጋል። ቦታውን አጥባችሁ ጥፍራችሁን በጭረቱ ላይ በአግድም ሳብ አድርጉት። ጥፍሩ ከያዘው ጭረቱ በኮምፓውንድ ብቻ ከሚጠፋው በላይ ጥልቅ ነው፤ ጠርዙን አለዝቦ እንዳይጎላ ሊያደርገው ይችላል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አያጠፋውም። ጥፍሩ ሳይዘው ካለፈ ተስፋ አለ። ሁለተኛው ምርመራ ውሃ ነው፦ ቦታው ሲረጥብ የሚጠፋና ሲደርቅ የሚመለስ ጭረት ክሊሩ ላይ ያለ ነው። ሲረጥብም የሚታይ፣ በተለይ ነጭ ወይም ግራጫ ፕራይመር ያሳየ ጭረት ለዚህ ጠርሙስ ሥራ አይሆንም፤ ላሜራ የወጣበት ደግሞ ከመዛጉ በፊት የንክኪ ቀለም (በትንሽ ብሩሽ ጭረቱ ላይ ብቻ የሚቀባ ቀለም) ይፈልጋል። አንዳንድ ጊዜ የሚያስደነግጠው መስመር ጨርሶ ጭረት አይደለም፤ ከሌላ መኪና ፓራውልት ወይም ከግንብ ተፋቅቆ የተለጠፈ ቀለም ነው። እንዲህ ያለው በኮምፓውንድ በደቂቃ ውስጥ ስለሚነሳ፣ ምርቱ ከሁሉ በላይ የሚያስደስተው እዚህ ላይ ነው።

አልቲሜት ኮምፓውንድን ከድሮዎቹ ፓስታዎች የሚለየው የቅንጣቱ ዓይነት ነው። ብዙ የቆዩ ፓስታዎች በሻካራ ቅንጣት ጀምረው ሲታሹ እየደቀቁ የሚለሰልሱ ናቸው፤ ሳይደቁ ካቆማችሁ የራሳቸውን ጭረት ትተው ይሄዳሉ። የዚህኛው ቅንጣት ገና ከመነሻው ደቃቅና እኩል መጠን ያለው ስለሆነ እስኪደቅ መጠበቅ የለበትም፤ ከመጀመሪያው እሽታ እስከ መጨረሻው አሠራሩ አንድ ነው። በእጅ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፣ ምክንያቱም እጅ የቆየ ዓይነት ፓስታን በሚገባ ለማድቀቅ ፍጥነቱም ጉልበቱም የለውም። ሌላ መዘዝም አለው፦ ቅንጣቱ ስለማይደክም እስካሻችሁ ድረስ መላጡን አያቆምም። መቼ ማቆም እንዳለበት የሚወስነው የሚያሸው ሰው ነው።

ቀለሙ ላይ አቧራ እያለ የተቀባ ኮምፓውንድ ጭረት ያበዛል። መኪናው በሻምፖ ይታጠብ፣ ይድረቅ፤ ከዚያ እጃችሁን በስስ ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ ኮፋኖውን ዳስሱ። በባዶ እጅ የማይሰማ ሻካራነት በፌስታሉ በኩል ይሰማል። ከሻከረ እንደ ሊጥ የሚለሰልሰውን ክሌይ ባር በማለስለሻ ፈሳሽ እያረጠባችሁ በቀስታ አንሸራትቱበት። መሬት የወደቀ ክሌይ ደግሞ ይጣል፤ ታጥቦ አይጸዳም። ሥራው ሁሉ በጥላ ውስጥ፣ እጅ ሲነካው በቀዘቀዘ ላሜራ ላይ ይሁን። በጋለ ላሜራ ላይ ፈሳሹ ሳይሠራ ይደርቃል፣ ይጋገራል፤ ሲጠረግም ያስቸግራል።

በእጅ ሲሠራ ጨርቅ ሳይሆን የስፖንጅ ፓድ ያዙ። ጣት በጨርቅ ስር ሲጫን ኃይሉ በጣቶቹ ልክ ተከፋፍሎ ቦይ ቦይ ያወጣል፤ ስፖንጅ ግን ኃይሉን እኩል ያሰራጫል። ሽንብራ የሚያክሉ ሦስት ጠብታዎች ለ30 በ30 ሴንቲ ሜትር ይበቃሉ። ጠንከር ባለ ግፊት ለአንድ ደቂቃ ያህል መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች እሹ፤ በክብ አትሹ። ሳይደርቅ በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጠርጉት፣ አይታችሁ ድገሙት። ሁለት ሦስት ዙር ለውጥ ካላሳየ አሥረኛውም አያሳይም። በእጅ ሥራ ያለው እውነተኛ ድካም ይህ ነው፦ ክሊራቸው ጠንካራ በሆነ መኪኖች ላይ ውጤቱ ከግማሽ አያልፍም። ለአንድ የስፖርቴሎ እጀታ ስር ለተጠራቀመ የጥፍር ጭረት በቂ ነው፤ ሙሉ መኪና በእጅ ልሥራ ለሚል ግን አንመክርም።

ማሽን ሲባል ሁለት ዓይነት ነው። ሮታሪ በአንድ እምብርት ላይ ብቻ ስለሚሽከረከር ሙቀቱ አንድ ቦታ ይከማቻል፤ ባልለመደ እጅ ክሊሩን በሰከንዶች ውስጥ ሊበላው ይችላል። ድርብ እንቅስቃሴ ያለው ማሽን ግን እየተሽከረከረ ስለሚወዛወዝ ሙቀቱን ይበትናል፣ ከልክ በላይ ሲጫኑትም መሽከርከሩን ያቆማል። ከዚህ ኮምፓውንድ ጋር የምንመክረው ሁለተኛውን ነው፣ ከ12 እስከ 13 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው መካከለኛ የስፖንጅ ፓድ ጋር። አዲስ ፓድ ሲሆን ፊቱን በሙሉ በስሱ ቀቡት፤ ደረቅ የቀረ ስፖንጅ ይሞቃል፣ ቀለሙንም ያደበዝዛል። ከዚያ በኋላ ለያንዳንዱ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ሦስት ወይም አራት ትናንሽ ጠብታዎች ይበቃሉ። ማሽኑ ሳይነሳ ፓዱን ቀለሙ ላይ አሳርፉ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት ፈሳሹን አዳርሱ፣ ከዚያ ስድስት ደረጃ ባለው ማሽን ወደ 4 ወይም 5 ከፍ አድርጉ። እጃችሁ በሰከንድ ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሂድ፤ እያንዳንዱ መስመር የቀደመውን በግማሽ ይደርበው፤ አንዱ ዙር ወደ ጎን ሲሆን ቀጣዩ ወደ ታች ይሁን። ከአራት እስከ ስድስት ዙር ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በግፊቱ ነው። ፓዱ የሚለጠፍበት ሳህን ጠርዝ ላይ በማርከር አንድ መስመር አስምሩ። እየሠራችሁ መስመሩ ሲዞር ከታያችሁ ልክ ናችሁ፤ ቆሞ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ፓዱ እየፋቀ አይደለም። ወይ ግፊቱ በዝቷል፣ ወይ ፓዱ ጠፍጣፋ አልተቀመጠም። ፓዱ በተላጠ ክሊርና በደረቀ ፓስታ ሲሞላም ሥራው ይቆማል፤ ስለዚህ ከያንዳንዱ ክፍል በኋላ በብሩሽ አጽዱት፣ ለሙሉ መኪናም ቢያንስ ሦስት አራት ፓድ ያዙ። ፍጆታውን ለማስላት ቀላል ነው። የአንድ መካከለኛ መኪና ቀለም የተቀባ ስፋት ከ8 እስከ 10 ካሬ ሜትር ቢሆን ከ32 እስከ 40 ክፍሎች ይወጡታል፤ ለአንዱ ሁለት ሚሊ ሊትር ብንል ለአንድ ዙር ከ80 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። ጠርሙሱ ከሁለት መኪና በላይ አልሠራም የሚል ሰው ፓስታ እያባከነ ነው፤ ለምን አቧራ ይረጫል ብሎ የሚያማርረውም ብዙውን ጊዜ እሱ ነው።

ጠርዞችና የላሜራው መስመሮች ላይ ቀለሙ ስስ ነው፤ ፓዱም ኃይሉን ሁሉ የሚያሳርፈው እዚያ ነው። በወረቀት ፕላስተር ሸፍኗቸው። ፓራውልት ላይ ደግሞ እጃችሁን አፍጥኑ፣ ፕላስቲክ ሙቀትን እንደ ላሜራ አያሰራጭምና። ያልተቀባ ጥቁር ፕላስቲክም ይሸፈን፤ ኮምፓውንዱ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ለማስለቀቅም ፈተና ነው። የማያንጸባርቅ ቀለም ባላቸው መኪኖች ላይ ይህን ምርት ፈጽሞ አትጠቀሙ፤ የታሸው ቦታ ያብረቀርቃል፣ መመለሻም የለውም። ፓዱ የመኪናውን ቀለም ከያዘ አትደንግጡ፣ ግን ቆም በሉ፦ መኪናው ክሊር የሌለው የድሮ ዓይነት ቀለም ከሆነ የሚጠበቅ ነው፤ ክሊር ያለው ከሆነ ግን ክሊሩ አልቋል ማለት ነው።

ምርቱ ላይ ያለን ዋና ቅሬታ ለስላሳ ክሊር ባላቸው ጥቁርና ጠቆር ያሉ መኪኖች ላይ የሚተወው ድብዛዜ ነው። ነጭና ብርማ ቀለም ላይ አይታይም፤ ጥቁር ላይ ግን በፀሐይ ሲታይ ስስ ጭጋግ ይመስላል። ለዚህ ለስለስ ባለ ፓድ አንድ ዙር ፖሊሽ፣ ማለትም ከኮምፓውንድ የደቀቀ ማለስለሻ ፓስታ፣ መስጠት ግዴታ ነው። ሌላው፣ በውስጡ ያለው ማለስለሻ ዘይት ጭረትን ለጊዜው ሊሸፍን ስለሚችል ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ ከሁለት እጥበት በኋላ ግን ጭረቱ ይመለሳል። ቀጣዩን ክፍል ከመጀመር በፊት የተሠራውን በውሃ በተበረዘ አይሶፕሮፒል አልኮል ጠርጋችሁ በእጅ ባትሪ እዩት። ሲያበቃም ሰም ወይም ሲላንት (ሰው ሠራሽ የቀለም መከላከያ ቅባት) መቀባት አይዘለልም፣ ምክንያቱም ኮምፓውንዱ የነበረውን መከላከያ ሁሉ አንስቶታል።

የተመለሰው ጥራት የሚቆየው ግን እጥበቱ ከተስተካከለ ብቻ ነው። የሸረሪት ድር የሚመስሉት ጭረቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ከእጥበትና ከማድረቅ ነው። ክብ የሚመስሉት በክብ ስለታጠበ ብቻ አይደለም፤ ጭረቶቹ በየአቅጣጫው ናቸው፣ ብርሃኑን ወደ ዓይን የሚመልሱት ግን በመብራቱ ዙሪያ የተሰለፉት ብቻ ናቸው። መጀመሪያ ሳይነካ በውሃ ብቻ አቧራውን አውርዱ። ከዚያ ሁለት ባልዲ፦ በአንዱ ሻምፖ፣ በሌላው ንጹሕ ውሃ። የማጠቢያው ጓንት ከያንዳንዱ ክፍል በኋላ በንጹሑ ውሃ ይታጠብና ወደ ሻምፖው ይመለስ። ከጣሪያ ወደ ታች ውረዱ፤ ከታች ያለው የፓራፋንጎና የስፖርቴሎ ክፍል አሸዋ ስለሚይዝ መጨረሻ ይሁን፣ ለጎማም የተለየ ስፖንጅ ይኑር። ሲደርቅ አትፈግፍጉ፤ ወፍራም ማይክሮፋይበር ዘርግታችሁ ውሃውን ይምጠጥ። ማይክሮፋይበሩ በጨርቅ ማለስለሻ አይታጠብ፣ መምጠጡን ያጣል። የወለል ብሩሽ የሚመስሉ ማሽኖች ያሉበት እጥበት፣ ደረቅ አቧራን በጨርቅ መጥረግ፣ አቧራ ባለበት መኪና ላይ ሸራ ማልበስ፦ ሦስቱም በአንድ ቀን የሳምንት ሥራ ያበላሻሉ። ሰም እጅን ያንሸራትታል እንጂ ጭረትን አያግድም፤ የሴራሚክ ሽፋንም የሚረዳው በጥቂቱ ነው። በእውነት የሚያግደው ከ150 እስከ 200 ማይክሮን የሚደርስ ውፍረት ያለው የቀለም መከላከያ ፊልም ብቻ ነው።

የጥርስ ሳሙና ይበቃል የሚለው ምክር ግማሽ እውነት አለው፤ የመፋቂያ ቅንጣት አለበትና ቀላሉን ጭረት ያደበዝዛል፣ ነገር ግን ቅንጣቱ ለጥርስ እንጂ ለክሊር አልተመጠነም። ዘይት ነክ የሚረጩ ቅባቶች ደግሞ ጭረቱን ይሸፍኑታል፣ ሲታጠቡ ይመለሳል።

መኪናችሁ ላይ ያለው በፀሐይ ብቻ የሚታይ ስስ የእጥበት ጭረት ከሆነ ይህን ጠርሙስ ትታችሁ የዚያው ድርጅት አልቲሜት ፖሊሽን ውሰዱ፤ ከክሊሩ የሚወስደው ያንሳል። ከመብራት ውጭም የሚታይ፣ ጥፍር የማይዘው ጭረት ወይም የደበዘዘ ቀለም ካለ ግን አልቲሜት ኮምፓውንድ ቦታው ነው። ሁለቱን ማወዳደር ካስፈለገ ፖርታባጋሊው ላይ በፕላስተር የተከለለ አንድ ክፍል መርጣችሁ መጀመሪያ ፖሊሹን ሞክሩ፣ ካልበቃ ብቻ ወደ ኮምፓውንዱ እለፉ። ከመጨመቃችሁ በፊት ጠርሙሱን በደንብ ነቅንቁት፤ ቅንጣቱ ከታች ስለሚዘቅጥ ያልተነቀነቀ ጠርሙስ መጀመሪያ ዘይት፣ መጨረሻ ደግሞ ወፍራም ጭቃ ይሰጣል።