የጋጂያ ክላሲክ ማሽኔና የገዛሁለት ኮተት፦ ከዓመት በላይ ከጠጣሁበት በኋላ

ማሽኑ ጋጂያ ክላሲክ ፕሮ የተባለ የቤት ኤስፕሬሶ ማሽን ነው፤ ባለ 230 ቮልት፣ ከጣሊያን በዘመድ ሻንጣ የመጣ። ስለ ማሽኑ ራሱ ብዙ ስለተባለ አልደግመውም። ክላሲክ ገበያ ላይ የዋለው በ1991 ነው፤ የእኔው ውስጡ ትንሽ የአሉሚኒየም ቦይለር (ውሃው የሚሞቅበት ዕቃ)፣ አንድ ፓምፕና ጥቂት ማብሪያ ማጥፊያ ነው። እኔ የምጽፈው ቀስ በቀስ ስለገዛሁለት ኮተት ነው። አንዳንዱ ገንዘቡን መልሷል፣ አንዳንዱ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

ፍርዴ ሁሉ በአጠጣጤ ላይ የቆመ ስለሆነ አስቀድሜ እሱን ልናገር። በፍስክ ጠቆር ያለ ማኪያቶ እጠጣለሁ። በጾም ወተት የለም፤ በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ኤስፕሬሶውን ባዶውን ነው። (የጾም ማኪያቶ የሚሉትን ሞክሬ አልጣመኝም።) ወተት ደግሞ ብዙ ጉድ ይሸፍናል፤ ምሬቱንም፣ ኮምጣጣነቱንም፣ ውሃ ውሃ ማለቱንም። ስለዚህ ስለ አንዱ ዕቃ በጥር ብትጠይቁኝ «ምንም ለውጥ የለውም» ብዬ፣ በመጋቢት ስለዚያው ዕቃ «ያለ እሱ አይሆንም» ልላችሁ እችላለሁ።

ከሁሉም በፊት የሚገዛው መፍጫ ነው፤ እዚህ ላይ ፍስክም ጾምም አይለያይም። ብዙዎቻችን ቤት ያለው ባለ ምላጭ የኤሌክትሪክ መፍጫ ቡናውን ይቆራርጠዋል እንጂ እኩል አይፈጨውም፤ ግማሹ ዱቄት፣ ግማሹ ክክ ይሆናል። ለጀበና ችግር የለውም፣ አተላው ከታች ይቀራል። ማሽኑ ግን ውሃውን በ9 ባር ገደማ ግፊት ጨምቆ በ25 እና በ30 ሰከንድ መካከል ስለሚያሳልፈው፣ ውሃው ክኩ በበዛበት በኩል ሾልኮ ሌላውን ሳይነካው ይወርዳል። እኔ የያዝኩት ኪንግራይንደር ኬ6 የተባለውን የእጅ መፍጫ ነው። ቀለበቱ በአንድ ጠቅታ 16 ማይክሮን ያህል ብቻ ስለሚንቀሳቀስ፣ አንድ ጠቅታ ሳጠብቀው ቡናው የሚወርድበት ጊዜ በሰከንዶች ሲረዝም በዓይን ይታያል። 18 ግራም በእጅ መፍጨት ክንድ ያደክማል። እንግዳ ሲበዛ እናቴ ጀበናውን ትጥዳለች፤ ማሽኑን አላስነሳውም።

ከመፍጨቴ በፊት ቡናው ላይ ጠብታ ውሃ እረጫለሁ። ሲፈጭ በፍትጊያ የኤሌክትሪክ ሙላት ይፈጠርበትና ዱቄቱ የመፍጫው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ጥቂት እርጥበት ይህን ይቀንሳል። የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2023 መጨረሻ በጥናት ያሳዩት ይህንኑ ነው። ዕቃው ከሽቶ ብልቃጥ የማይበልጥ መርጫ ነው፣ ያለኝም ባዶ የሽቶ ብልቃጥ ነው።

እኛ አገር ላለ ሰው ከብረቱ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ነገር ግን አለ፤ ቡናውን ማሳደር። የቤታችን ልማድ ዛሬ ቆልቶ ዛሬ መጠጣት ነው፣ ለጀበናም የሚያምረው እሱ ነው። አዲስ የተቆላ ቡና ግን ውስጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለታመቀበት፣ በማሽን ሲወጣ ክሬማው (ላዩ ላይ የሚሰፍረው አረፋ) እንደ ቢራ አረፋ ተነፍቶ ይነሳና ወዲያው ይከስማል፤ ከሥሩ የሚቀረው ምላስ የሚያሳክክ ነገር ነው። አየር የሚያስወጣ እንጂ የማያስገባ ቫልቭ ያለው ጣሳ ገዝቼ ሳምንት፣ ፈካ አድርጌ የቆላሁትን ደግሞ ከዚያም በላይ አቆየዋለሁ። እናቴ ጣሳውን ከፍታ አሸተተችና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ሽታው ሄዷል፤ ለምን አዲስ አልቆላልህም?» አለችኝ። አሁን አንዱ ይርጋጨፌ በሁለት ዕቃ ይቀመጣል፦ የእሷ ጥሬው በጆንያ፣ የእኔ የተቆላው በጣሳ።

ከማሽኑ ውስጥ ከነካካሁት ሁሉ የምመሰክርለት አንዲት ሞላ ነች። ኢቮ ፕሮ ከተባለው የክላሲክ ሞዴል በፊት የወጡት ክላሲኮች የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ከ9 ባር በላይ ተሞልቶ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው፤ ማሽኑ ለታሸገ የቡና ፖድም፣ ለባለ ድርብ ግድግዳ ማጣሪያም እንዲሆን ታስቦ ስለተሠራ። በ2023 የመጣው ኢቮ ፕሮ 9 ባር ሆኖ ስለመጣ ይህ አንቀጽ አይመለከተውም። ለቀደሙት በጥቂት ዶላር የ9 ባር ሞላ ይገኛል። ማሽኑን ከሶኬት ነቅላችሁ ፍጹም ሲቀዘቅዝ፣ በካቻቢቴ የላይ ክዳኑን ሁለት ብሎኖች ትፈታላችሁ፤ ቫልቩ ቦይለሩ አናት ላይ ነው፤ በቺያቤ ይከፈታል፣ ሞላው ይቀየራል፣ ይዘጋል። ቀድሞ በፍጥነት ሾልኮ ጎምዛዛ የሚሆንብኝ ፈካ ያለ ቡና ረጋ ብሎ መውረድ ጀመረ። አዲስ ሆኖ ያየሁት ነገር ከውሃው ከፊሉ በቀጭኗ ቱቦ ወደ ታንኩ ሲመለስ ነው፤ ብልሽት እንዳይመስላችሁ፣ ትርፉ ግፊት የሚወጣው በዚያ ነው።

የቡናው ዱቄት የሚገባበትን ባለ ቀዳዳ ማጣሪያ በተመለከተ፣ ክላሲክ የካፌ ማሽኖች የለመዱትን 58 ሚሊ ሜትር ስለሚጠቀም እድለኞች ነን፤ የካፌ መለዋወጫ ከሚሸጥ ሱቅ የሚገጥም ባለ ነጠላ ግድግዳ ማጣሪያ አግኝቻለሁ። ባለ ድርብ ግድግዳው ከታች ባለች አንዲት ቀዳዳ አረፋውን በግድ ስለሚያወጣው፣ መፍጫችሁ ሲሻሻል ጥቅሙ ያበቃል። ቀዳዳዎቹ እኩል ተደርገው የተሠሩትን ውድ የጣሊያን ማጣሪያም ገዝቻለሁ። ከተራው ባለ ነጠላ ግድግዳ ጋር ያለው ልዩነት እንደሚወራለት አይደለም፤ በጾም ጥቂት ይሰማኛል፣ በማኪያቶ ፈጽሞ።

ማጣሪያው የሚቀመጥበት፣ የታች አፍ የሌለው እጀታ ደግሞ ጣዕም አይጨምርም፣ ያሳያል እንጂ። አፈጫጨቱ ሲስተካከል መጀመሪያ በማጣሪያው ዳርና ዳር ጥቁር ነጠብጣቦች ያቆጠቁጣሉ፣ ወደ መሃል ይሳባሉ፣ ከዚያ አንድ ቀጭን ጅራት ሆነው ይወርዳሉ። ሲበላሽ አንዱ ጎን ቶሎ ይነጣና የሸሚዛችሁን እጅጌ ይረጫል። ማሽኑ አጠገብ ነጭ ግድግዳ ካለ አስቡበት።

ማጣሪያው ውስጥ ያለው ዱቄት እኩል እንዲበተን በቀጭን ሽቦ ማማሰልን በ2005 ያስተዋወቀው ጆን ዋይስ የተባለ አሜሪካዊ ነው። መሣሪያው ተሠርቶ ይሸጣል፤ እኔ የጊታር ቀጭን ክር ቆርጬ የጠርሙስ ቡሽ ላይ ተከልኩት። ከጠቀሙኝ ዕቃዎች ርካሹ ይህ ነው። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ፕላስቲክ መጠቅጠቂያ ግን ለመጠቅጠቅ አይመችም፣ በከባድ ብረት ቀይሩት። ለሚዛን ከስልክ ጋር የሚገናኝ ነገር አትግዙ፤ የእኔው የማሽኑ ጠብታ ገብቶበት ሞተ። አሁን የምጠቀመው ወርቅ የሚመዘንበትን ዓይነት የኪስ ሚዛን ነው፤ 18 ግራም ገብቶ 36 ገደማ ሲወጣ አቆማለሁ፣ ሌላ ምን ያድርግልኝ። መስታወቱን፣ የእንጨት እጀታውንና የመጠቅጠቂያ ማስቀመጫውን ስሙን ጠርቼ ልለፍ፦ ለፎቶ ናቸው።

ፒ.አይ.ዲ. የሚባለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ከሁሉ ውድ ነበር። ክላሲክ በተራ ቴርሞስታት ስለሚሠራና ቦይለሩ ትንሽ ስለሆነ ሙቀቱ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል፤ ፒ.አይ.ዲ. ቁጥር ሰጥታችሁት እዚያው አካባቢ ያቆየዋል። ጠቆር ላለ ቡና ዝቅ፣ ፈካ ላለ የይርጋጨፌ ቡና ከፍ አደርጋለሁ። በሁዳዴ የሎሚ አበባ የሚመስለው ሽታ ሲኒው ውስጥ ሳይደፈርስ ያገኘሁት ከዚህ በኋላ ነው። ፋሲካ አልፎ ወተቱ ሲመለስ ግን መኖሩን ረሳሁት። ዓመቱን ሙሉ ማኪያቶ የሚጠጣ ሰው ይህን ገንዘብ ለጥሩ ቡና ያውለው። የምትገጥሙት ከሆነ ባለሙያ ኤሌክትሪሽያን ይያዘው፣ ማሽኑም ከስታቢላይዘር ጀርባ ይሁን፤ የእኛ ሠፈር መብራት ሲመጣ እንዴት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። የማሽኑ ማሞቂያ ከሺህ ዋት በላይ ስለሚስብ የቴሌቪዥን ስታቢላይዘር አይችለውም።

ለወተት አንድ የብረት ማንቆርቆሪያ፣ 350 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ ይበቃል። ከዚያ በላይ ወተት ቢቀርብለት ትንሿ ቦይለር እንፋሎቱን ትጨርሳለች፤ ለሁለት ሰው በየተራ ነው።

ለጽዳት ቀዳዳ የሌለው የጎማ ክዳን ግዙ። ክላሲክ የካፌ ማሽን ዓይነት ባለ ሦስት መንገድ ሶሌኖይድ ቫልቭ ስላለው፣ ማጣሪያውን በክዳኑ ደፍናችሁ በማጽጃ ዱቄት ወደ ኋላ ማጠብ ትችላላችሁ፤ የሚወጣው ቡናማ ውሃ ለምን ቡናው ሲመር እንደከረመ ይነግራችኋል። ውሃችሁ ከጉድጓድ የሚመጣ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ማዕድን ስለሚበዛበት ቦይለሩ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ ቀለል ያለ የታሸገ ውሃ እየቀላቀላችሁ ብትጠቀሙ ይሻላል።

ዘመድ ለምታስመጡ፦ ከአሜሪካ የሚመጣው 120 ቮልት ነው። ቀጥታ እዚህ ሶኬት ላይ ከሰካችሁት ይቃጠላል፣ ለማሞቂያው የሚመጥን ትራንስፎርመር ደግሞ ከማሽኑ ራሱ ይከብዳል። ከጣሊያን፣ ከጀርመን ወይም ከዱባይ በሚመጣ ሰው 220–240 የሚል የተጻፈበትን አስመጡ፣ ሻንጣው ውስጥ ቦታ ከተረፈ ሞላውንና የጎማ ክዳኑን አብረው ይጨምሩላችሁ።