የቶርኖ ቸክ በሮታሪ ቴብል ላይ፦ ለቤት ዎርክሾፕ የትኛው መጠን ይስማማል?

ይህ ግምገማ የሚመለከተው 150 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ተኝቶም ቆሞም የሚሠራ ሮታሪ ቴብል (የታሰረበትን ዕቃ በእጀታ በዲግሪ የሚያዞር ክብ ጠረጴዛ) ነው። ባለ ሦስት መንጋጋ የቶርኖ ቸክ (ክብ ዕቃን ጨብጦ የሚይዝ መያዣ) ታስሮበት በአነስተኛ የፍሬዛ ማሽን (በሚሽከረከር መቁረጫ ብረት የሚቀርጽ ማሽን) ላይ ሲሠራ ምን ያህል እንደሚያገለግል በ100 እና በ125 ሚሊ ሜትር ቸክ አይቼዋለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር፣ ቴብሉ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባ ዕቃ ነው፤ የሚስማማው ቸክ ግን ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው 125 ሳይሆን 100 ነው።

የቴብሉ የእጀታ ውድር 90 ለ 1 ነው። እጀታው አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር የላይኛው ገጽ የሚንቀሳቀሰው 4 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ፣ የክብ ብረትን ጫፍ ባለ ስድስት ጎን ለማድረግ ከአንዱ ጎን ወደሚቀጥለው 15 ዙር፣ አምስት ቀዳዳዎችን በእኩል ርቀት ለመብሳት ደግሞ 18 ዙር መቁጠር ይበቃል። ሰባት ቦታ መከፋፈል ሲያስፈልግ ባለ 21 ቀዳዳ የመከፋፈያ ዲስክ ተገጥሞ 12 ዙርና 18 ቀዳዳ ይቆጠራል። እጀታው በሚያዞረው ጠመዝማዛ ዘንግ (ዎርም) እና ቴብሉን በሚያዞረው ትልቅ ጥርስ መካከል መጠነኛ ልቅነት መኖሩ አይቀርም፤ ስለዚህ እጀታውን ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ማዞርና ብረት መቁረጥ ከመጀመሩ በፊት የቴብሉን መቆለፊያ ማጥበቅ ግዴታ ነው።

ዋናው ጉዳይ ቸኩ ነው። ኬ-11 በሚል ስያሜ የሚሸጠው የተለመደው ባለ 125 ቸክ ከጀርባው 95 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ጉድጓድ አለው፤ የሚታሰረውም በ108 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ በተደረደሩ ሦስት ኤም 8 (8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው) ብሎኖች ከኋላ በኩል ነው። ከኋላ የሚታሰር ቸክ በቀጥታ ቴብል ላይ ሊቀመጥ አይችልም፤ በመካከላቸው ፕሌት መግባት አለበት። ፕሌቱ በመጀመሪያ ከቸኩ ጋር ይታሰራል፣ ከዚያም ከቸኩ ውጭ በተረፈው ጠርዝ ላይ በሚያልፉ ሌሎች ብሎኖች ከቴብሉ ቦዮች ጋር ይያያዛል። ችግሩ የሚታየው በዚህ ጠርዝ ላይ ነው። 150 ሚሊ ሜትር ፕሌት ላይ 125 ቸክ ሲቀመጥ ዙሪያውን የሚተርፈው 12.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የኤም 8 አለን ብሎን ራስ ደግሞ 13 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ራሱ የቸኩን ጎን ይነካል ወይም ከፕሌቱ ጠርዝ ይወጣል። ራሱ 10 ሚሊ ሜትር የሆነው ኤም 6 ብሎን ይገባል፤ ነገር ግን ለቦዩ የሚሆን የኤም 6 ዳዶ ለብቻ ማሠራት ይጠይቃል፣ አያያዙም ቀጭን ነው።

ባለ 100 ቸክ ሲሆን ጠርዙ 25 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ኤም 8 ብሎን ከነሮንዴላው ተመችቶት ይቀመጣል። ትልቁ ቸክ 30 ሚሊ ሜትር የመሐል ቀዳዳ ስላለው ወፍራም ዘንግ ያሳልፋል የሚል መከራከሪያ ይቀርብ ይሆናል፤ ነገር ግን የቴብሉ መሐል ሞርስ ቴፐር ቁጥር 2 (ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚሄድ መደበኛ ቀዳዳ) በመሆኑ ሰፊው አፉ ራሱ 18 ሚሊ ሜትር አይሞላም። የትንሹ ቸክ 22 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ከዚህ ይበልጣል፤ ስለዚህ ዘንግን ወደ ታች በማሳለፍ ረገድ ትልቁ የሚጨምረው ጥቅም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ፕሌቱን በገዛ ቶርኖ ማውጣት የማይችል ሰው ለቶርኖ ቤት ሊያሠራው ይችላል፤ ሆኖም ሲያዝዝ ልኩን በግልጽ ጽፎ መስጠት አለበት። የኤም 8 ብሎን ራስ 8 ሚሊ ሜትር ቁመት ስላለውና ፕሌቱ ቴብሉ ላይ ለጥ ብሎ እንዲቀመጥ ራሶቹ ከጀርባው ሙሉ በሙሉ መስመጥ ስላለባቸው፣ ውፍረቱ ከ18 ሚሊ ሜትር ባያንስ ይመረጣል። ወደ ቸኩ ጉድጓድ የሚገባው ክብ እብጠት ቁመቱ ከጉድጓዱ ጥልቀት በጥቂቱ ማነስ አለበት፤ አለዚያ ቸኩ በሰፊው የጀርባ ገጹ ሳይሆን በእብጠቱ አናት ላይ ይቆምና ይዘማል። ሁለቱ ገጾች ፍጹም ትይዩ መሆናቸውን በዳያል ጌጅ (ጥቃቅን ልዩነትን በመርፌ በሚያሳይ መለኪያ) ሳያረጋግጡ ከቶርኖ ቤት መረከብ አይገባም።

መሐሉን ማስተካከል ሁለት የተለያየ ሥራ ነው፤ ሁለቱን መቀላቀልም ብዙ ሰዓት ያባክናል። አንደኛው የቸኩን መሐል ከቴብሉ መሐል ጋር ማገናኘት ነው፦ በቸኩ ላይ ቀጥ ያለ የተሞረደ ዘንግ ይታሰራል፣ ዳያል ጌጁ በማሽኑ አካል ላይ ይተከላል፣ ፕሌቱን ከቴብሉ ጋር የሚያይዙት ብሎኖች ላላ ተደርገው ቴብሉ ይዞራል፣ ፕሌቱም በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ እየተባለ ይገፋል። እዚህ ላይ ይህ ቴብል ልቤን ገዝቶታል፤ ዎርሙ ከጥርሱ ስለሚላቀቅ ገጹን እጀታ ሳይነኩ በእጅ ማሽከርከር ይቻላል፣ የዳያሉ መርፌ ሲወጣና ሲወርድ በአንድ ትንፋሽ ይነበባል። መርፌው ከ0.02 ሚሊ ሜትር በታች ሲወዛወዝ ብሎኖቹ በየተራ ይጠብቃሉ፣ ከጠበቁም በኋላ እንደገና ይለካል። ሁለተኛው ሥራ የቴብሉን መሐል ከማሽኑ ስፒንድል (መቁረጫውን ይዞ ከሚሽከረከረው ዘንግ) ጋር ማገናኘት ነው፤ ያኔ ዳያሉ ስፒንድሉ ላይ ታስሮ በዘንጉ ዙሪያ ይዞራል። ባለ ሦስት መንጋጋ ቸክ በተለያየ ውፍረት ላይ አንድ ዓይነት መሐል ስለማይሰጥ፣ ጥንቃቄ ለሚፈልግ ሥራ የሚለካው የሙከራው ዘንግ ሳይሆን የሚሠራው ዕቃ ራሱ መሆን አለበት።

ቅሬታዬ ቁመቱ ላይ ነው። ቴብሉ ተኝቶ 80 ሚሊ ሜትር ያህል ይይዛል፤ ፕሌቱና ቸኩ ከነመንጋጋው ሲጨመሩበት ከ160 ሚሊ ሜትር ያልፋል። በትንሽ የፍሬዛ ማሽን ላይ ከዚህ በላይ የሚተርፈው ቦታ የፑንታ (የመብሻ) መያዣውን፣ ፑንታውንና የሚሠራውን ዕቃ አንድ ላይ ላይችል ይችላል። ስለዚህ ገዢው ከስፒንድሉ አፍ እስከ ማሽኑ ጠረጴዛ ያለውን ትልቁን ርቀት ለክቶ ከ250 ሚሊ ሜትር ያነሰ ሆኖ ካገኘው፣ ቸኩን ትቶ ዕቃውን በቀጥታ በቴብሉ ቦዮች ላይ በማሰሪያ ማሰር ወይም ቴብሉን አቁሞ መሥራት ይሻለዋል።