37 ቁጥር ማሊያ፣ ባለቤቱ ከሄደ በኋላ

ይህን ማሊያ የገዛሁት በ2022 ጁላይ ላይ ነው። የሲያትል ማሪነርስ ነጭ ማሊያ ነው። ጀርባው ላይ «ሲዋልድ» ይላል፣ ከሥሩ 37 አለ። ሰው ዕቃ በገዛ በሳምንቱ አስተያየቱን ይጽፋል። እኔ ቆየሁ። የቤዝቦል ማሊያ ጠባዩ የሚታወቀው ጀርባው ላይ የተጻፈው ሰውዬ ሌላ ከተማ ከገባ በኋላ ነውና።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። ዋጋው ከነስሙ ከ100 ዶላር በላይ ነው። ለጨርቅ ብዙ ነው፣ አልዋሽም። ሚስቴ እስከ ዛሬ ትክክለኛውን ዋጋ አታውቅም። ጨርቁ ቀላል ነው፣ ላብ አይዝም፣ ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል። ሰፋ ብሎ ነው የሚሠራው። እኔ ሁሌ ላርጅ ነው የምለብሰው፣ ይሄ ግን ላርጁ እንደ ጋቢ ሸፈነኝ። አንድ ቁጥር ቀንሳችሁ ግዙ። የፊት ቁልፎቹ እስካሁን አንድም አልወደቁም። ፊደሎቹ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። እመለስበታለሁ።

ለምን ሲዋልድ? ጓደኞቼ ሁሉ ይህንኑ ነው የጠየቁኝ። የቡድኑ ኮከብ የሁልዮ ሮድሪጌዝ ማሊያ እያለ ማን የሪሊፍ ፒቸር ማሊያ ይገዛል? ለማታውቁት፣ ሪሊፍ ፒቸር ማለት ጨዋታውን የጀመረው ወርዋሪ ሲደክም የሚገባው ነው። ከነሱም ክሎዘር የሚባለው በመጨረሻው፣ በ9ኛው ኢኒንግ (ዙር) ገብቶ፣ ቡድኑ በጠባብ ልዩነት የሚመራውን ጨዋታ ይዘጋል። ከዘጋ ሥራው ነው፣ ማንም አያጨበጭብለትም ማለት ይቻላል። ካበላሸ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስሙ ይነሳል።

እኔ ኤርፖርት አካባቢ የፓርኪንግ ሚኒባስ ነው የምነዳው። በማታ ፈረቃ ጨዋታውን የምሰማው በሬዲዮ ነው። የመጀመሪያዎቹ ኢኒንጎች በሻንጣና በተሳፋሪ ያልፋሉ። ዘጠነኛው ላይ ግን መኪናው ባዶ ይሆናል፣ እኔና ሬዲዮኑ ብቻ። ስለዚህ ከቡድኑ ሁሉ በደንብ የማውቀው ጨዋታ የሚዘጋውን ሰው ነው።

ፖል ሲዋልድ ኒውዮርክ ሜትስ ውስጥ በአራት ዓመት በስሙ 1 ድልና 14 ሽንፈት ተመዝግቦበት ነው የተሰናበተው። ይህ በ2020 ነው። እኔም በዚያው ዓመት፣ አውሮፕላኖቹ ሁሉ ሲቆሙ፣ ከሥራ ተቀንሼ ቤት ተቀምጬ ነበር። በ2021 እሱ በታችኛው ሊግ ውል ሲያትል መጣ፣ እኔም ወደ መኪናዬ መሪ ተመለስኩ። ኳሱ ፈጣን አይደለም። ሌሎቹ በሰዓት 98 እና 100 ማይል በሚወረውሩበት ዘመን እሱ 92 አካባቢ ነው። ነገር ግን እጁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚለቃት፣ መቺውን ኳሷ ወደ ላይ የምትወጣ ያስመስልበታል። በዚያ ዓመት 104 መቺዎችን በስትራይክ፣ ማለትም በሦስት ያልተሳካ ሙከራ፣ መለሰ። ሰውዬው የኔ ሆነ።

ከዚያ ጁላይ 31፣ 2023 መጣ።

ከእግር ኳስ ለመጣ ሰው ትሬድ የሚባለው ነገር ይከብዳል። በእግር ኳስ ተጫዋች ሲዘዋወር ይስማማል፣ ይፈርማል፣ ገንዘብ ይከፈላል። እዚህ ግን ሁለት ቡድኖች ሰው በሰው ይለዋወጣሉ፣ ተጫዋቹም አብዛኛውን ጊዜ አይጠየቅም። እምቢ የማለት መብት የሚያገኘው በሊጉ 10 ዓመት ከሠራና የመጨረሻዎቹን 5 በአንድ ቡድን ካሳለፈ ነው፣ ወይም ውሉ ላይ ካስጻፈ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስልኩን ከፍ አድርጎ እየሮጠ መጣ። «ጋሼ፣ ሰውዬህን ሸጡት እኮ!» አሪዞና። በምትኩ ሦስት ልጆች መጡ፦ ሮሃስ፣ ካንዞኒ፣ ብሊስ። የዚያን ቀን አንዳቸውንም አላውቃቸውም ነበር።

ማሊያውን ወደ ገዛሁበት ሱቅ ወሰድኩት፣ ስሙን አልጠራም። ሻጩ ትሑት ልጅ ነው፣ ግን ስም የተጻፈበት አይመለስም አለኝ። ዘወር ስል 37 ቁጥሮቹ በግማሽ ዋጋ ተንጠልጥለዋል። ይሄ ነው ያናደደኝ። ትናንት ሙሉ ዋጋ፣ ዛሬ የቅናሽ ዘንግ ላይ። በንዴት ለልጄ አንድ ትንሽ ገዛሁላት። አዎ፣ አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ ስታዲየም ስገባ ያንኑ ለበስኩ። ከወንበሬ ሆኜ ሰባት 37 ቁጥር ቆጠርኩ። አንዱ ስሙን በነጭ ፕላስተር ሸፍኖታል። አንዲት ሴትዮ ስታልፍ ጀርባዬን አይታ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ምንም አላለችም። ለቅሶ ቤት ነበር የሚመስለው።

ቡድኑ ኦገስት ላይ 21 ጨዋታ አሸነፈና «ትሬዱ ልክ ነበር» ያሉ ሰዎች አፋችንን አስያዙን። ሙኞዝ ቦታውን ተረከበ፣ እሱ በ100 ማይል ነው የሚጥላት። መጨረሻ ላይ ግን በአንድ ጨዋታ ብቻ ከፕሌይኦፍ፣ ከዋንጫው ማጣሪያ፣ ቀረን። አንድ! አሪዞና በ84 ድል ገብቶ ዓለም ዋንጫቸው ድረስ፣ ወርልድ ሲሪስ ድረስ ሄደ። ከፍጻሜው በፊት ፊላዴልፊያ ላይ 7ኛውንና ወሳኙን ጨዋታ የዘጋው ሲዋልድ ነው። ማሊያውን ለብሼ ሳሎን ውስጥ ብቻዬን ጮህኩ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ በፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ፣ 9ኛው ላይ የቴክሳሱ ኮሪ ሲገር ሆምራን መታበትና፣ ኳሷን ከሜዳ አስወጣበትና፣ አቻ ሆኑ። ቴክሳስ በኋላ አሸነፈ። ያን ሌሊት ማሊያውን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

አሁን ወደ ፊደሎቹ። በሙቀት የተለጠፉ እንጂ የተሰፉ አይደሉም። በሁለተኛው ዓመት የስሙ መጨረሻ ፊደል፣ «ዲ»ዋ፣ መላቀቅ ጀመረች። «ሲዋል» ሆንኩ። በሙቅ ውሃ አትጠቡት፣ ማድረቂያ ማሽንም ውስጥ አታስገቡት፣ እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ። ልብስ ወደምታስተካክል አንዲት እትዬ ወሰድኩት።

«የማን ስም ነው?» አሉኝ።

«የሄደ ሰው ነው፣ እትዬ።»

«ውይ! ነፍስ ይማር።»

«ኧረ አልሞተም። አሪዞና ነው የሄደው።»

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ታዲያ ምነው እንዲህ ተክዘህ ሰጠኸኝ?»

15 ዶላር ከፈልኩ። ዙሪያዋን በክር ሰፍተዋታል፣ አሁን ከሌሎቹ ፊደሎች ሁሉ ጠንካራዋ እሷ ናት። ትንሽ ወደ ግራ ዘመም ብላለች። ከሩቅ አይታወቅም።