የቱርክኛ መማሪያው አፕ፦ ድምፁ አሪፍ፣ ማብራሪያው ለፈረንጅ

ሰሞኑን ቱርክኛ የምማርበት አንድ የስልክ አፕ አለ። ከፍዬበታለሁ፣ ስለዚህ የተሰማኝን ልናገር።

ድምፁ ላይ ምንም አይወጣለትም። ቱርክኛ ውስጥ «የኔ» የሚለው ቅጥያ እንደ ቃሉ አናባቢ መልኩን ይቀያይራል። ቤቴ «ኤቪም»፣ ትምህርት ቤቴ «ኦኩሉም»፣ ሴት ልጄ «ክዝም» ይሆናል። አፑ ሕጉን ከመደርደር ይልቅ ደጋግሞ ያሰማችኋል፣ ጆሮ ሲለምድ አፍም ይከተላል።

ማብራሪያው ግን ደበረኝ። የተጻፈው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ስለሆነ ተሳቢን ለማስረዳት ገጽ በገጽ ይፈጃል፣ እኛ ግን ነገሩ አፋችን ላይ ነው። «ኤቭ አልድም» ቤት ገዛሁ፣ «ኤቪ አልድም» ቤቱን ገዛሁ። ያቺ «ኢ» የኛዋን «ን» ሥራ ትሠራለች፤ የምትመጣውም እንደኛው ተለይቶ የታወቀ ነገር ላይ ነው። «ኤቭሌሪሚዚ» ስትባሉም አትደንግጡ፤ ቤት፣ ብዙ ቁጥር፣ የኛ፣ ተሳቢ ነው። «ቤቶቻችንን» በሉና በታትኑት፣ ቅደም ተከተሉ ቁርጥ አንድ ነው! «በ» እና «ከ» ግን ወደ ኋላ ይዞራሉ፦ «ኤቭዴ» በቤት፣ «ኤቭዴን» ከቤት።

እኛን የሚያስቸግረን ሌላ ነው፣ እዚያ ላይ ደግሞ አፑ ሁለት መስመር ጽፎ ያልፋል። እኛ «የአሊ ቤት» ስንል አሊ ላይ «የ» አድርገን እንገላገላለን። ቱርኮች ባለቤቱም ንብረቱም ላይ ይለጥፋሉ፦ «አሊኒን ኤቪ»፣ የአሊ ቤቱ እንደማለት። ኢስታንቡል የሄደ ሰው «ኢስቲክላል ጃዴሲ» (የኢስቲክላል ጎዳና) የሚል ታፔላ ሳያይ አይመለስም፣ «ጃዴ» ጎዳና ነው፣ መጨረሻ ላይ ያለችው «ሲ» ያቺው የንብረቱ ቅጥያ ናት። እንዲህ ያለ ምሳሌ ሞልቶ ሳለ አፑ አንድም አላነሳም።

ፈተናው ደግሞ ይባስ። «ኤቪንዴ» በአንተ ቤትም በእሱ ቤትም ማለት ነው፣ የሚለየው ዐረፍተ ነገሩ ነው። አፑ ቃሏን ብቻዋን አምጥቶ ይጠይቅና «በቤትህ» የሚለውን ስትመርጡ ቀይ ያበራባችኋል። ኧረ በሕግ አምላክ!

በቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ የምትሄዱ ልጆች ገንዘባችሁን ያዙ። እዚያ የአንድ ዓመት የቋንቋ መሰናዶ ይሰጣችኋል፣ እስከዚያ ድምፁን ለመልመድ ነጻው ክፍል ይበቃል። ልብስ ለማምጣት ኢስታንቡል፣ ላሌሊ ገበያ የምትመላለሱ ነጋዴዎች ግን የቁጥርና የዋጋ ምዕራፉ ይጠቅማችኋል፣ እሱ የሚገኘው በክፍያ ነው። አንድ ወር ክፈሉና ምዕራፉን ጨርሱ፣ ከዚያ በየወሩ በራሱ የሚቆርጠውን ክፍያ ማቋረጥ እንዳትረሱ።